ኦቲዝም ያለበትን ልጅዎን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እንጦጦ ሲወስዱ



ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወይም የዒድ በዓል ሲመጣ ብዙ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ከከተማ ወጣ ይላል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ባለበት ቤት ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። አባት የቀሩትን ልጆች ይዞ ይወጣል፤ እናት ከዚያ ልጅ ጋር ቤት ትቀራለች። ዓመት ዓመትን እየተካ ሲሄድ ልጁ ከግቢውና ከሐኪም ቤት ሌላ ቦታ ሳያውቅ ያድጋል፤ እናቱም እንዲሁ ትከርማለች። ይህ የሚሆነው በአብዛኛው ከጭካኔ ሳይሆን ከፍርሃት ነው። ቢጮህስ? ቢጠፋስ? ሰውስ ምን ይላል? የሚሉት ጥያቄዎች ቤተሰቡን አስረው ያስቀሩታል።

በዛሬው ዓምዳችን እነዚህን ጥያቄዎች እናያለን። ነገሩ በደፈናው እንዳይሆን አንድ የምናውቀውን ቦታ፣ የእንጦጦን ተራራ እንደ ምሳሌ ይዘን እንነሳለን። ደሴ የሚኖር ጦሳን፣ ሀዋሳ የሚኖር የሐይቁን ዳር በእንጦጦ ቦታ ተክቶ ሊያነበው ይችላል። የሐይቁን ዳር ያሰበ ግን ስለ ውሃ የምንለውን ሁለት ጊዜ ያንብብ።

ስለ ኦቲዝም ጥቂት

ኦቲዝም ከአንጎል ዕድገት ጋር የተያያዘና ከሕፃንነት ጀምሮ የሚታይ ሁኔታ ነው። ልጁ ከሰው ጋር የሚግባባበትን መንገድ፣ እንዲሁም ድምፅን፣ ብርሃንን፣ ሽታንና ንክኪን የሚቀበልበትን መንገድ የተለየ ያደርገዋል። አንዱ ልጅ ምንም አይናገርም፤ ሌላው ሳያቋርጥ ስለ አንድ ነገር ብቻ ያወራል። ስለዚህ አንዱን ያወቀ ሁሉንም አወቀ ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም ነበረበት። ከዚህ አንጻር በአንድ ትልቅ መስጂድ ለጁሙዓ ከሚሰበሰቡት ሰዎች መካከል እንዲህ ያለ ልጅ ቤቱ ያለው ብዙ ሰው እንደሚኖር መገመት አያስቸግርም።

በ1943 እ.ኤ.አ. ሊዮ ካነር የተባለ ሐኪም 11 ልጆችን አጥንቶ ስለ ኦቲዝም ሲጽፍ ከተገረመባቸው ነገሮች አንዱ፣ ልጆቹ በዙሪያቸው ያለው ነገር ሁሉ እንደነበረ እንዲቆይ ያላቸው ብርቱ ፍላጎት ነበር። ይህንን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልን እንፈልጋለን፤ የቀረው ሁሉ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነውና። ለእኛ አዲስ ቦታ ደስታ ነው። ለዚህ ልጅ ግን አዲስ ቦታ ማለት ከየት እንደሚመጣ፣ መቼ እንደሚያበቃ የማይታወቅ የድምፅና የሽታ መዓት ማለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የቤተሰቡ ሥራ ልጁን ገፍቶ ወደ አዲሱ ነገር መክተት አይደለም። አዲሱን ነገር ከመሄዳቸው በፊት ማስረጀት ነው።

ስለ መንስኤውም አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ኦቲዝም እናት በእርግዝናዋ ስለተበሳጨች ወይም ልጇን ስላላቀፈችው የሚመጣ አይደለም። በክትባትም አይመጣም፤ በ1998 እ.ኤ.አ. ክትባትን ከኦቲዝም ጋር አያይዞ የወጣው ጽሑፍ በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሔት ተሰርዟል። በእኛም ዘንድ ብዙ ቤተሰብ ነገሩን ከዓይን ወይም ከጂን ጋር አያይዞ፣ ከአንዱ አዋቂ ወደ ሌላው ሲዞር ልጁ መማር የሚችልባቸውን ምርጥ ዓመታት ያሳልፋል። ዱዓ የሙእሚን መሣሪያ ነው፤ አይተውም። ነገር ግን ዱዓ ማድረግ ልጅን ሐኪም ዘንድ ከመውሰድና ከማስተማር አያግድም።

በአገራችን ስለ ኦቲዝም በግልጽ መነገር የጀመረው ሩቅ ጊዜ አይደለም። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ የኦቲዝም ልጅ እናት ነበሩ። እርሳቸው በኒያ ፋውንዴሽን ሥር ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ ሲከፍቱ ቤት ተዘግቶባቸው የሚውሉ፣ አልፎም የሚታሰሩ ልጆች እንደነበሩ ደጋግመው ይናገሩ ነበር። ከቤት መውጣት ለእነዚህ ልጆች የሽርሽር ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

መውጣቱ ምን ይጠቅመዋል?

ጫካና ተራራ ኦቲዝምን አያድንም። እንዲህ የሚል ሰው ካጋጠመዎት አይመኑት። ነገር ግን እንደማንኛውም ልጅ መሮጥ፣ ዳገት መውጣት፣ ፀሐይ ማግኘት ያስፈልገዋል። ብዙዎቹ የኦቲዝም ልጆች የእንቅልፍ ችግር አለባቸው፤ ቀን በብርሃን የተንቀሳቀሰ ልጅ ሌሊት የተሻለ የመተኛት ዕድል አለው። ደግሞም ሜዳ ላይ እንደ አዳራሽ ድምፅ አያስተጋባም። በሠርግ ቤት ጆሮውን ይዞ የሚያለቅስ ልጅ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅጠል ሲያገላብጥ ሰዓት ሊያልፍለት ይችላል። ለእናትም ቢሆን ከአራት ግድግዳ መውጣት ትልቅ ነገር ነው።

ቦታና ቀን መምረጥ

የመጀመሪያው ጉዞ የሚመረጠው በውበቱ ሳይሆን ቶሎ ተነስቶ ለመመለስ ባለው ምቾት ነው። ላንጋኖ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ልጁ በደረሰ በአሥር ደቂቃ "በቃኝ" ቢል ምን ይደረጋል? እንጦጦ ግን ከከተማው ራስጌ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ፓርኩ ከተከፈተ ወዲህ መንገዱ፣ የእግር መሄጃውና ማረፊያው ተሠርቶለታል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ እንጦጦ ያለውን፣ ለሦስተኛና ለአራተኛ ጊዜ ደግሞ እንደ መናገሻ ሱባ ያለውን ጫካ፣ ልጁ ከለመደ በኋላ ሐይቁን ማሰብ ይሻላል።

ቀኑ የሥራ ቀን ቢሆን ይመረጣል። ካልተቻለ ቅዳሜ ጠዋት ከእሑድ ይሻላል፤ እሑድና የበዓል ቀን ሰው ይበዛል። በተራራው ላይ ባሉት አብያተ ክርስቲያናት ንግሥ በሚሆንበት ዕለትም መንገዱ በሕዝብ ስለሚሞላና የድምፅ ማጉያ ስለሚኖር ቀኑን አስቀድሞ ማጣራት ይገባል። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብና ጭቃ፣ መብረቅም አለ። ጥቅምትና ኅዳር ለዚህ ጉዳይ የተመቹ ናቸው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ደርሶ 4 ሰዓት ላይ መመለስ ለመጀመሪያ ጊዜ በቂ ነው። "ይህን ያህል ደክመን ለአንድ ሰዓት ተኩል?" ማለትዎ አይቀርም። አዎን፤ ለአንድ ሰዓት ተኩል ነው። ልጁ ደስ ብሎት ሳለ መመለስ፣ ሲያለቅስ ከመመለስ በእጅጉ ይበልጣል፤ በአእምሮው የሚቀረው የመጨረሻው ነውና።

ከጉዞው በፊት ያለው ሳምንት

ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ላይ ነው። በቅድሚያ አባት ወይም አጎት ብቻውን ወደ ቦታው ሄዶ በስልክ ፎቶ ያንሳ። የሚያነሳው መልክዓ ምድሩን አይደለም፤ ልጁ የሚያልፍባቸውን ነገሮች ነው። የምትሄዱበትን መኪና፣ የፓርኩን መግቢያ በር፣ የምትቀመጡበትን ዛፍ፣ መጸዳጃ ቤቱን፣ ፈረሶቹን፣ የመመለሻውን መንገድ፣ በመጨረሻም የራሳችሁን ቤት በር። እነዚህን ሰባት ስምንት ፎቶዎች አሳጥበው በካርቶን ላይ በቅደም ተከተል ይለጥፉ። ከእያንዳንዱ በታች አጭር ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፦ "በመኪና እንሄዳለን።" "በዚህ በር እንገባለን።" "ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን እንበላለን።" "ወደ ቤት እንመለሳለን።" ካሮል ግሬይ የምትባል አሜሪካዊት መምህርት ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ለኦቲዝም ልጆች እንዲህ ያሉ አጫጭር ታሪኮችን ማዘጋጀትን አስተምራለች፤ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። ወጪው የፎቶ ማሳጠቢያ ብቻ ነው።

ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ የመጨረሻው ፎቶ ሁልጊዜ ቤት ይሁን። ልጁ ነገሩ ማብቂያ እንዳለው ማወቁ ያረጋጋዋል። ሁለተኛ፣ እርግጠኛ ያልሆኑበትን ነገር አይማሉለት። "ፈረስ እናያለን" ብለው ፈረሱ በዕለቱ ባይኖር፣ ቃልን እንደ ወረደ የሚይዘው ይህ ልጅ ሰማይ የተደፋበት ያህል ሊሆን ይችላል። "ፈረስ ልናይ እንችላለን፤ ላናይም እንችላለን" ይበሉት።

ካርቶኑን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ለምሳሌ ከመግሪብ በኋላ አብራችሁ እዩት። ቀን ለሚቆጥር ልጅ ስንት ቀን እንደቀረ በወረቀት ላይ ምልክት እያደረጉ ማሳየት ይጠቅማል። አንዳንዱ ልጅ ግን አስቀድሞ ሲነገረው እንቅልፍ ያጣል። ልጅዎ እንዲህ ከሆነ ሳምንቱን ሙሉ ፎቶዎቹን እንደ ጨዋታ ያሳዩትና ቀኑን በዋዜማው ይንገሩት። ይህን ከእናት የተሻለ የሚያውቅ ባለሙያ የለም።

የሚለብሰውን ጫማና ሹራብ ቤት ውስጥ ያልምዱት። አዲስ ጫማ በጉዞ ቀን ማጥለቅ አይገባም። ሹራቡ ሱፍ ሆኖ የሚኮሰኩሰው ከሆነ ከውስጥ ጥጥ ያልብሱት፤ አንገቱ ላይ ያለውን የፋብሪካ ምልክት ይቁረጡ። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከመሐል ከተማው ይበርዳል፤ ፀሐዩ ግን ያቃጥላል። ባርኔጣ እንቢ የሚል ልጅ ከሆነ ከሳምንቱ መጀመሪያ አንስቶ በየቀኑ ሁለት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ እያለ ይልመድ።

ስለ ሽታም እናንሳ። እንጦጦ የባህር ዛፍ አገር ነው። በብዙ ቤታችን ደግሞ ልጅ ጉንፋን ሲይዘው የባህር ዛፍ ቅጠል ተቀቅሎ ይታጠናል። እንግዲህ ልጅዎ ይህን ሽታ የሚያውቀው ታሞ፣ ተሸፍኖ፣ ተይዞ ሲያለቅስ ከሆነ፣ ተራራው ላይ እንደደረሰ ያለ ምክንያት ሲረበሽ ቢያዩት አይደነቁ። ጥቂት ቅጠል ወደ ቤት አምጥተው እየተጫወተ እንዲያሸተው ማድረግ ይህን ያቀልለታል።

ምግቡና መድኃኒቱ

የኦቲዝም ልጆች ብዙዎቹ የሚበሉት ጥቂት የምግብ ዓይነት ነው። ነጭ ሩዝ ብቻ፣ ወይም ደረቅ ዳቦ ብቻ፣ ወይም አንድ ዓይነት ብስኩት ብቻ የሚበላ አለ። ጉዞ አዲስ ምግብ ማስለመጃ ቀን አይደለም። የለመደውን ምግብ፣ በለመደው ዕቃ፣ ከለመደው ማንኪያ ጋር ይያዙለት። ፍርፍር ብቻ የሚበላ ከሆነ ፍርፍሩ ይሄዳል፤ "ለሽርሽር ፍርፍር?" የሚል ሰው ካለ ይበል። ከተቻለ ከጉዞው በፊት አንድ ሁለት ቀን ያንኑ ምግብ ግቢ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ይብላ።

ለሌሎቹ ልጆች በሶ፣ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ፍሬው የወጣ ተምር ጥሩ ስንቅ ነው። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ሙሉ ኦቾሎኒ ለትናንሽ ልጆችና ሳያኝክ ለሚውጥ ልጅ አይሰጥ፤ ትን ሊለው ይችላል። ውሃ ልጁ እስኪጠይቅ አይጠበቅም፤ ጥማቱን መናገር የማይችል፣ አንዳንዴም መጠማቱን ራሱ የማይለይ ልጅ ስለሆነ በየግማሽ ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ያጠጡት። የሆድ ድርቀት በእነዚህ ልጆች ዘንድ የተለመደ ነው። ሆዱ የደረቀ ልጅ ደግሞ ይነጫነጫል፣ ሌላውም ያለምክንያት ይመስለዋል። ስለዚህ ከዋዜማው ጀምሮ ውሃና የሚቀበለውን ፍራፍሬ ይስጡት።

በነገራችን ላይ ግሉተን የሌለበት ምግብ ኦቲዝምን ያሻሽላል የሚል ወሬ ሰምተው በውድ ዋጋ ዱቄት የሚገዙ ወላጆች አሉ። ይህን የሚያረጋግጥ ጠንካራ ማስረጃ የለም። ግሉተን የሚያስቀር በሽታ በሐኪም የተገኘበት ልጅ ቢሆን እንኳ ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ግሉተን የለውም፤ ባሕር ማዶ መመልከት አያስፈልግም።

መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ጉዞ አለ ተብሎ አይዘለልበት። የሚጥል በሽታ ከኦቲዝም ጋር አብሮ የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነውና የዚህ መድኃኒት በተለይ ሰዓቱን ይጠብቅ። ሪስፐሪዶን የታዘዘለት ልጅ ሙቀት ሊያስቸግረው ስለሚችል ጥላ ያለበት ቦታና ውሃ ያስፈልገዋል። "ይረጋጋልኛል" ብሎ የሚያስተኛ የሳል ሽሮፕ ሰጥቶ መጓዝ ግን አደገኛ ልማድ ነው። ተራራ ላይ እየተደነቃቀፈ የሚሄድ ልጅ ማየት ካልፈለጉ፣ ሐኪም ያላዘዘውን አይስጡ።

መንገዱና ቦታው

ብዙ ሰው በተጫነ ታክሲ ተጋፍቶ የሚደርስ ልጅ ትዕግሥቱን መንገድ ላይ ጨርሶ ነው የሚደርሰው። ከተቻለ ከዘመድ ጋር ተነጋግራችሁ መኪና ፈልጉ፤ ወይም ኮንትራት ያዙ። የእንጦጦ መንገድ ጥምዝምዝ ስለሆነ የሚያስመልሰው ልጅ ሆዱ ሞልቶ አይሳፈር፤ ፌስታልም በእጅ ይያዝ።

ሲደርሱ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ምንም አያድርጉ። በፎቶው ላይ ያሳዩት ዛፍ ሥር ምንጣፉን ያንጥፉና ይቀመጡ። ልጁ እጁን ቢያርገበግብ፣ ቢዞር፣ አንድ ቅጠል ይዞ ደጋግሞ ቢያየው ይተዉት፤ ራሱን የሚያረጋጋበት መንገድ ነው። ድምፅ የሚያስጨንቀው ከሆነ የጆሮ መሸፈኛ ወይም ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ ይኑረው። ፈረሱን ከሩቅ ይየው። ወደ ፊት መራመድ ከፈለገ አብረውት ይራመዱ፤ ካልፈለገ ይቅር። በመጀመሪያው ቀን ፈረስ ላይ ማስቀመጥ፣ ፎቶ ለማንሳት ብሎ ልጁን እያስጮሁ ኮርቻ ላይ መያዝ፣ ዓመት ሙሉ ፈረስ እንዲፈራ ማድረግ ነው።

ያገኘውን ወደ አፉ የሚያስገባ ልጅ ከሆነ ዓይንዎን አይንቀሉ። በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው አስተናግር መርዝ ነው። ሳማም ቢለበልበው ምን እንደነካው ሊነግርዎ አይችልም።

ልጁ እንዳይጠፋ

ይህን ክፍል የማያነብ ወላጅ ወደ እንጦጦ ባይሄድ እንመርጣለን። በ2012 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ታትሞ የወጣ ጥናት 1,218 የኦቲዝም ልጆችን ተመልክቶ፣ ግማሽ ያህሉ፣ ማለትም 49 ከመቶው፣ ዕድሜያቸው 4 ዓመት ከሞላ በኋላ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከወላጅ እጅ አፈትልከው ለመሄድ ሞክረዋል ይላል። ይህ ከወላጅ ቸልተኝነት የሚመጣ አይደለም። ልጁ የሚወደው ነገር አይቶ ወደዚያ ይሄዳል፣ ወይም ከሚያስጨንቀው ድምፅ ይሸሻል። ብዙዎቹ ደግሞ ውሃ ይወዳሉ። ተለይተው ከሄዱ የኦቲዝም ልጆች መካከል ለሞት ከሚዳርጉት ዋነኛ ምክንያቶች አንዱ ውሃ ውስጥ መስጠም ነው።

ስለዚህ "ሁላችንም እናየዋለን" የሚባል ነገር አይኑር። ሁሉም የሚያየውን ልጅ ማንም አያየውም። በእያንዳንዱ ጊዜ ጠባቂው አንድ ሰው ይሁን፤ ሲለዋወጡም በቃል ይሁን። "አንተ ጋ ነው" ሲባል ተቀባዩ ልጁን በዓይኑ አይቶ "እኔ ጋ ነው" ይበል። ታላቅ እህቱ 10 ዓመቷ ቢሆንና ብትወደውም ይህ ኃላፊነት አይሰጣት።

በልብሱ ውስጠኛ ክፍል ላይ የወላጅን ስልክና "መናገር አልችልም፤ እባክዎ ይደውሉ" የሚል በአማርኛና በኦሮምኛ ይጻፉ። ከሩቅ የሚታይ ቢጫ ወይም ብርቱካንማ ልብስ ይልበስ፤ አረንጓዴና ቡኒ ጫካ ውስጥ ይሰወራል። ጠዋት ከቤት ሲወጡ በለበሰው ልብስ አንድ ፎቶ ያንሱት። እንደ ደረሱም ወንዝ፣ ኩሬ፣ ገደልና የመኪና መንገድ በየት በኩል እንዳለ ትልልቆቹ ሰዎች ዞረው ይዩ።

አላህ ይጠብቀን እንጂ ከጠፋ በመጀመሪያ የሚፈለገው ውሃ ያለበት ቦታ ነው፤ ቀጥሎ የመኪና መንገድ። አንድ ሰው ከተቀመጡበት ቦታ ሳይነሳ ይጠብቅ፤ ሌላው ለፓርኩ ጥበቃዎችና ለፖሊስ (991) ወዲያው ይንገር። "ትንሽ ፈልገን ካጣነው" ማለት አይገባም። ስሙን እየጮኹ መጥራት ብቻውን አይበቃም፤ ለስሙ የማይመልስ፣ ጩኸት ሲሰማ የሚደበቅ ልጅ ሊሆን ይችላል። የሚወደውን ነሺዳ በስልክ ከፍ አድርጎ መክፈት አንዳንዴ ከጥሪ ይሻላል።

የሶላት ሰዓት

በጠዋት ሄደው በጠዋት ከተመለሱ ዙህር ቤት ይደርሳል። ቆይተው ዙህር እዚያው ከገባ ግን እናትና አባት አብረው አይስገዱ። ለጀመዓው ምንዳ ሲሉ ሁለቱም ሱጁድ ላይ ሳሉ ይህ ልጅ የት ሊደርስ እንደሚችል ያስቡት። አንዱ ይስገድ፣ ሌላው ይጠብቅ፤ ከዚያ ይቀያየሩ። ብቻዋን ከልጇ ጋር የሆነች እናት እየሰገደች ሳለ ልጁ ወደ ገደል ወይም ወደ ውሃ ሲሄድ ካየች ሶላቷን አቋርጣ ታድርስለት፤ ሕይወትን ከአደጋ ለማዳን ሶላትን ማቋረጥ እንደሚገባ ዑለማዎች ያስተማሩት ነው። ውዱእ ቤት አድርጎ መሄድም በውሃ ፍለጋ ከመለያየት ያድናል።

ቢጮህና ቢወድቅ

አንዳንድ ጊዜ ሁሉም ተሟልቶ ልጁ መሬት ላይ ወድቆ ሊጮህ፣ ራሱን ሊመታ ይችላል። ይህ ከረሜላ ተከልክሎ የሚያለቅስ ልጅ ልቅሶ አይደለም። አእምሮው መሸከም ከሚችለው በላይ ስለሆነበት ነው። በዚያን ሰዓት ቁጣም፣ ምክርም፣ ማባበልም ጭነት ይጨምርበታል። ዝም ይበሉ፤ ወይም አንድ አጭር ቃል ብቻ፣ በዝግታ ይናገሩ። ከድንጋይና ከመንገድ ያርቁት፤ ጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር ያድርጉ። የሚወደው ከሆነ አጥብቀው ይቀፉት፤ ንክኪ የሚጠላ ከሆነ አጠገቡ ይቀመጡ። ከዚያ መጠበቅ ነው። ሃያ ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል።

ሰው መሰብሰቡ አይቀርም። አንዱ ውሃ ፊቱ ላይ ልርጭ ይላል፤ ሌላው ጆሮው ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሊቀራበት ይነሳል። ሁሉም ደግ አስበው ነው። ነገር ግን ድምፅ የሰበረውን ልጅ ድምፅ አይጠግነውም። አስቀድመው ያዘጋጁትን አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገሩ፦ "ኦቲዝም አለበት፤ ቦታ ከሰጣችሁን ይረጋጋል። ዱዓ አድርጉልን።" ይህንን መናገር ለአባት ይሁን፤ እናት ከልጁ ጋር ትሁን። ይቅርታ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ያጠፋ ሰው የለምና።

ይህን የሚያነቡ፣ በቤታቸው እንዲህ ያለ ልጅ የሌለ አንባቢያንም አንድ ድርሻ አላችሁ። እንዲህ ያለ ነገር ስታዩ ሌላውን ሰው ራቅ አድርጉላቸው። በሰፈራችሁ ወይም በጀመዓችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ያላት እናት ካለች ደግሞ "አይዞሽ" ከማለት በላይ የሚጠቅማት፣ "ቅዳሜ ጠዋት መኪናውን እኔ ይዤ እመጣለሁ" የሚል ሰው ነው።

ከተመለሱ በኋላ

ቤት እንደገቡ ልጁን ከራሱ እስከ እግሩ ይዩት። ብዙዎቹ ሕመምን እንደ ሌላው ልጅ አይናገሩም፤ እሾህ ተረከዙ ውስጥ ገብቶ ዝም ብሎ የሚሄድ አለ። ከዚያ ቀሪው ቀን ባዶ ይሁን፤ እንግዳ አይጠራ፣ ገበያ አይወሰድ። ማታ ካርቶኑን አውጥተው "በዚህ በር ገባን፣ እዚህ ተቀመጥን፣ ወደ ቤት ተመለስን" እያሉ አብራችሁ እዩት። ዕለቱ በጩኸት ያለቀ ቢሆን እንኳ ይህ አይቅር፤ ፎቶው ላይ ደስ ካለው ቦታ ላይ ትንሽ ይቆዩ።

ሁለተኛውን ጉዞ ከሦስትና ከአራት ሳምንት በላይ አያርቁት። ወደዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ምንጣፍ ይሂዱ፤ አንድ ነገር ብቻ ይጨምሩ። ለምሳሌ በመጀመሪያው ቀን ዛፉ ሥር ተቀምጦ ከዋለ በሁለተኛው እስከ ፈረሶቹ ድረስ ይራመዳል። በካርቶኑ ላይ የሚለጠፈው አዲስ ፎቶም ያው አንዱ ይሆናል።